→፣ ⊢ እና ⊨፦ ሦስቱም «ከዚህ ያ ይከተላል» የሚሉ ከሆነ ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው?

ፊደል_ቆጣሪ

ሰላም ለቤቱ። በፎርማል ሎጂክ ሦስት አጻጻፎች አሉ፦

ሀ → ለ
ሀ ⊢ ለ
ሀ ⊨ ለ

የመጀመሪያው ኢምፕሊኬሽን፣ ሁለተኛው ፕሩቫቢሊቲ፣ ሦስተኛው ኢንቴይልመንት ይባላል። በአማርኛ ሲነበቡ ግን ሦስቱም «ሀ ከሆነ ለ ነው» ወይም «ከሀ ለ ይከተላል» ወደሚል አንድ ንባብ ይመጣሉ። በዚያ ላይ በፕሮፖዚሽናል ሎጂክ (ሙሉ ዓረፍተ ነገሮችን በ«እና»፣ በ«ወይም»፣ በ«ከሆነ» በሚያያይዘው) ሦስቱ አብረው እንደሚሄዱ የሚያሳዩ ቲዎረሞች አሉ፤ ሀ ⊢ ለ የሚሆነው ሀ ⊨ ለ ሲሆን ብቻ ነው፣ ይህም የሚሆነው ሀ → ለ ቶቶሎጂ (በማንኛውም ሁኔታ እውነት የሆነ ቀመር) ሲሆን ብቻ ነው። ጥያቄዬ ሁለት ነው። ውጤታቸው አንድ ከሆነ ሦስት ምልክት ለምን አስፈለገ? አንዱን በሌላው ቦታ ብጽፍስ በትክክል የሚበላሸው ምኑ ነው? ትርጉማቸውን ብቻ ሳይሆን ተሠርቶ ባየው ደስ ይለኛል።

---

ረድፍና_ዓምድ

ስለ ቀስቱና ስለ ⊨ ልመልስ፤ ⊢ን ለሌሎች ልተው።

ከሰዋስው እንነሳ፤ ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ከዚያ ነውና። ሀ → ለ ቀመር ነው። ቀስቱ እንደ «እና» (∧) እና እንደ «ወይም» (∨) ሁለት ቀመሮችን አያይዞ ሦስተኛ ቀመር ይሠራል። ስለዚህ ¬(ሀ → ለ) ብሎ መጻፍ ይቻላል (¬ «አይደለም» ማለት ነው)፤ (ሀ → ለ) → ሐ ማለትም ይቻላል። ሀ ⊨ ለ እና ሀ ⊢ ለ ግን ቀመሮች አይደሉም። እኛ ከውጭ ቆመን ስለ ቀመሮች የምንናገራቸው ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። ቤት ግድግዳ አለው፤ «ቤት» የሚለው ቃል ግን ያለው ሁለት ፊደል ነው እንጂ ግድግዳ አይደለም። እዚህም እንዲሁ ነው፦ ቀስቱ በቋንቋው ውስጥ ሆኖ ይናገራል፣ ሁለቱ ተርንስታይሎች (⊢ እና ⊨) ስለ ቋንቋው ይናገራሉ። (ሀ ⊨ ለ) → ሐ ተብሎ ተጽፎ ካገኙት ሐሰት ነው ማለት እንኳ አይቻልም፤ በዚያ ቋንቋ ቀመር አይደለምና።

አሁን ወደ ሰንጠረዡ። ሀ እና ለ ነጠላ ተለዋዋጮች ይሁኑ።

ሀ እውነት፣ ለ እውነት፦ ሀ → ለ እውነት
ሀ እውነት፣ ለ ሐሰት፦ ሀ → ለ ሐሰት
ሀ ሐሰት፣ ለ እውነት፦ ሀ → ለ እውነት
ሀ ሐሰት፣ ለ ሐሰት፦ ሀ → ለ እውነት

ከአራቱ ረድፎች በሦስቱ እውነት ነው። እንግዲህ «ሀ → ለ እውነት ነው ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ ተመልሶ የሚጠየቀው «በየትኛው ረድፍ?» ነው። «ሀ ⊨ ለ ነው ወይ?» ሲባል ግን የረድፍ ጥያቄ አይነሳም፤ ትርጉሙ ራሱ ረድፎቹን ሁሉ ጠቅልሎ ይዟል። ሀ እውነት በሆነበት ረድፍ ሁሉ ለም እውነት ከሆነ ሀ ⊨ ለ ይባላል። እዚህ ሁለተኛው ረድፍ ስላለ ሀ ⊭ ለ (ከሀ ለ አይከተልም) ነው። በአንጻሩ ሀ ∧ ለ ⊨ ለ ትክክል ነው፤ ግራው እውነት የሚሆነው በመጀመሪያው ረድፍ ብቻ ነው፣ እዚያም ለ እውነት ነው።

ምኑ ይበላሻል ላሉት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም፦

(ሀ → ለ) ∨ (ለ → ሀ)

ይህ ቶቶሎጂ ነው። ሐሰት የሚያደርገውን ረድፍ ይፈልጉ፦ የመጀመሪያው ቀስት ሐሰት እንዲሆን ሀ እውነት፣ ለ ሐሰት መሆን አለባቸው፤ ያን ጊዜ ሁለተኛው ቀስት ከሐሰት ስለሚነሳ እውነት ይሆናል። እንዲህ ያለ ረድፍ የለም። ቀስቱን «ይከተላል» ብለን ካነበብነው ግን ቀመሩ «የትኞቹንም ሁለት ሐሳቦች ብትወስድ አንዱ ከሌላው ይከተላል» የሚል ይሆናል። «ዛሬ ማክሰኞ ነው» እና «ውጭ ዝናብ አለ» የሚሉትን ይውሰዱ፤ ከማክሰኞ ዝናብ አይከተልም፣ ከዝናብም ማክሰኞ አይከተልም። ቀመሩ በእርግጥ የሚለው በየረድፉ ከሁለቱ ቀስቶች ቢያንስ አንዱ እውነት መሆኑን ነው፤ የትኛው እንደሆነ ከረድፍ ወደ ረድፍ ይለዋወጣል። ኢንቴይልመንት የሚጠይቀው ግን አንዱ ቀስት ብቻውን ረድፎቹን ሁሉ እንዲሸፍን ነው።

ሁለተኛው መበላሻ አሉታ ላይ ነው። «ከሀ ለ አይከተልም» ለማለት ¬(ሀ → ለ) ብለው የሚጽፉ ብዙ ናቸው። ሰንጠረዡን እንደገና ይዩት፦ ¬(ሀ → ለ) እውነት የሚሆነው በአንድ ረድፍ ብቻ፣ ሀ እውነት ለ ሐሰት በሆኑበት ነው። ማለትም ቀመሩ «ሀ ነው፣ ለ ግን አይደለም» የሚል ጠንካራ አባባል ነው። ሀ ⊭ ለ የሚለው ከዚያ እጅግ ደካማ ነው፤ «እንዲህ ያለ ረድፍ ቢያንስ አንድ አለ» ከማለት አያልፍም፣ አሁን ያለነው በዚያ ረድፍ ላይ ነው አይልም።

ይህ የቃላት ጣጣ የቆየ ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ሲ. አይ. ሉዊስ እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ የጻፋቸው ትችቶች የተነሱት ቀስቱ «ይከተላል» ተብሎ በመነበቡ ነበር፤ ከሐሰት ማንኛውም ነገር «ይከተላል» መባሉ አልተዋጠለትም። መፍትሔ ያለውም «የግድ» የሚል ሐሳብ የተጨመረበት ሌላ፣ ጠበቅ ያለ ቀስት ነው። የዛሬው ሞዳል ሎጂክ አንዱ ምንጭ ይህ ነው።

---

መስመር_በመስመር

ወደ ⊢ ልለፍ። ይህ ምልክት ስለ እውነትና ሐሰት ምንም አይልም፤ የሚለው ስለ ጽሑፍ ነው። መ የመነሻዎች ስብስብ ይሁን። መ ⊢ ለ ማለት የመስመሮቹ ቁጥር የተወሰነ ዝርዝር አለ፣ የመጨረሻው መስመር ለ ነው፣ እያንዳንዱም መስመር ወይ አክሲየም (ያለ ማረጋገጫ የተወሰደ ቀመር) ነው፣ ወይ ከመ የተወሰደ ነው፣ ወይ ከእሱ በላይ ካሉት መስመሮች በደንቡ የወጣ ነው ማለት ነው። የቀመሮቹን ትርጉም ጨርሶ የማያውቅ ሰው፣ ወይም ማሽን፣ ዝርዝሩን ተመልክቶ ትክክል ወይም ስሕተት ማለት ይችላል።

ተሠርቶ ይታይ ስላሉ አንድ ሥርዓት እንያዝ። ሦስት የአክሲየም ቅርጾች አሉት፦

አክሲየም 1፦ ሀ → (ለ → ሀ)
አክሲየም 2፦ (ሀ → (ለ → ሐ)) → ((ሀ → ለ) → (ሀ → ሐ))
አክሲየም 3፦ (¬ለ → ¬ሀ) → (ሀ → ለ)

በፊደላቱ ቦታ ማንኛውም ቀመር መግባት ይችላል። ደንቡ አንድ ብቻ ነው፤ ሞደስ ፖነንስ፦ ሀ እና ሀ → ለ ተጽፈው ካሉ ለን መጻፍ ይቻላል። አሁን ⊢ ሀ → ሀ መሆኑን እናሳይ (የ⊢ ግራ ባዶ ሲሆን «ያለ ምንም መነሻ» ማለት ነው)። በሰንጠረዥ ሁለት ረድፍ የሚፈጅ ነገር ነው፤ እዚህ ግን ሰንጠረዥ አይፈቀድም።

1. (ሀ → ((ሀ → ሀ) → ሀ)) → ((ሀ → (ሀ → ሀ)) → (ሀ → ሀ))፤ አክሲየም 2፣ በለ ቦታ ሀ → ሀ፣ በሐ ቦታ ሀ ገብቶ
2. ሀ → ((ሀ → ሀ) → ሀ)፤ አክሲየም 1፣ በለ ቦታ ሀ → ሀ ገብቶ
3. (ሀ → (ሀ → ሀ)) → (ሀ → ሀ)፤ ከ2 እና ከ1 በሞደስ ፖነንስ
4. ሀ → (ሀ → ሀ)፤ አክሲየም 1፣ በለ ቦታ ሀ ገብቶ
5. ሀ → ሀ፤ ከ4 እና ከ3 በሞደስ ፖነንስ

«ሀ ምንጊዜም ሀ ነው» የሚለው ግልጽ ሐሳብ የትም መስመር ላይ አልገባም። ⊢ የሚመለከተው ይህን ዝርዝር ብቻ ነው።

⊢ እና ⊨ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ማየት ከፈለጉ ሥርዓቱን ይነካኩት። ⊨ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ትርጉሙ በሰንጠረዡ ላይ እንጂ በአክሲየሞቹ ላይ አልተመሠረተም። ⊢ ግን ወዲያው ይለወጣል።

መጀመሪያ አክሲየም 3ን ያውጡና ይህን ይሞክሩ፦

((ሀ → ለ) → ሀ) → ሀ

አሉታ የሚባል ምልክት የለበትም፤ ሰንጠረዡን ብትሠሩት በአራቱም ረድፍ እውነት ነው። ሆኖም በአክሲየም 1 እና 2 ብቻ ሊረጋገጥ አይችልም። እንዴት ይታወቃል? ማረጋገጫዎችን አንድ በአንድ ሞክሮ መጨረስ አይቻልም፤ ማለቂያ የላቸውም። ዘዴው ሌላ ዓይነት ሰንጠረዥ መሥራት ነው። ሦስት ዋጋዎች እንውሰድ፦ 0፣ ½፣ 1። የቀስቱን ዋጋ እንዲህ እንደንግግ፦ የግራው ከቀኙ የማይበልጥ ከሆነ 1፣ ከበለጠ ደግሞ የቀኙን ዋጋ። አክሲየም 1ን በ9ኙ፣ አክሲየም 2ን በ27ቱ ምደባዎች ብትፈትሹ ሁሌም 1 ይወጣል። ሞደስ ፖነንስም 1ን ያስተላልፋል፦ የግራው 1 ከሆነና ቀስቱ 1 ከሆነ ቀኙ ከ1 ማነስ አይችልም። ስለዚህ ከሁለቱ አክሲየሞች የሚረጋገጥ ሁሉ ሁሌም 1 ነው። አሁን ሀ = ½፣ ለ = 0 ያድርጉ። ሀ → ለ፣ ½ ከ0 ስለሚበልጥ፣ 0 ይሆናል። 0 → ½ ደግሞ 1 ነው። 1 → ½ ግን ½ ነው። ቀመሩ 1 ስላልሆነ አይረጋገጥም። ቶቶሎጂ የሆነ፣ በዚያ ሥርዓት ግን ማረጋገጫ የሌለው ቀመር ይኸውላችሁ።

አሁን በተቃራኒው፣ ሦስቱንም አክሲየሞች ይዘን (ሀ → ለ) → (ለ → ሀ) የሚል አራተኛ እንጨምር። አክሲየም 1 ሀ → (ሀ → ሀ) ይሰጠናል። አዲሱ አክሲየም ያንን ገልብጦ (ሀ → ሀ) → ሀ ያወጣል። ሀ → ሀ ከላይ በአምስት መስመር ተረጋግጧል። ሞደስ ፖነንስ አንድ ጊዜ፣ ሀ ወጣ። ሀ ደግሞ የፈለጉት ቀመር ነው። ዝርዝሩ ደንቡን አንድም ቦታ አልጣሰም፤ ⊢ ሀ በዚህ ሥርዓት ትክክል ነው። ⊨ ሀ ግን አይደለም።

ለዚህ ነው በጥንቃቄ የሚጻፍ ሎጂክ ከ⊢ ግርጌ የሥርዓቱን ስም የሚያስቀምጠው። «ይረጋገጣል» ሲባል በየትኛው ሥርዓት ተብሎ መጠየቅ አለበት። አክሲየሞቹ በደንብ ከተመረጡ ሁለቱ ስለሚገጥሙ ካሻዎት አንዱን በሌላው መተካት ይችላሉ።

---

ሌላ_ሞዴል

ከላይ ያለው መልስ ላይ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ብቻ ይታረምልኝ። «መተካት ይችላሉ» የሚለው በፕሮፖዚሽናል ሎጂክ ይሠራል፤ ከዚያ ወጣ ሲሉ በየደረጃው ይሰበራል። ድልድዮቹ ሦስት ናቸው፣ እያንዳንዳቸውም ራሳቸውን የቻሉ ቲዎረሞች እንጂ ትርጓሜዎች አይደሉም።

አንደኛው ድልድይ የዲዳክሽን ቲዎረም ነው፦ መ፣ ሀ ⊢ ለ ከሆነ መ ⊢ ሀ → ለ ነው። ቀስቱንና ⊢ን የሚያገናኘው ይህ ነው። የተገላቢጦሹ ቀላል ነው፤ ሞደስ ፖነንስ አንድ ጊዜ ይበቃል። ይህኛው ግን ዝርዝሩን መስመር በመስመር መለወጥ ይጠይቃል፣ ለዚያም አክሲየም 1 እና 2 ያስፈልጋሉ። አክሲየሞቹ ያን ቅርጽ የያዙትም በአብዛኛው ለዚሁ ነው።

በፕሬዲኬት ሎጂክ፣ «ሁሉም» እና «አንዳንድ» በሚነገርበት፣ ብዙ ሥርዓቶች «ጠ(ሸ) ከተጻፈ ∀ሸ ጠ(ሸ) ይጻፍ» የሚል ደንብ አላቸው (∀ሸ «ለሸ ሁሉ» ማለት ነው)። ስለዚህ ጠ(ሸ) ⊢ ∀ሸ ጠ(ሸ)። ቲዎረሙን ያለ ገደብ ከተጠቀሙ ⊢ ጠ(ሸ) → ∀ሸ ጠ(ሸ) ይወጣል። ጠን «በ2 ይካፈላል» ብለው፣ ሸን 6 አድርገው ያንብቡት፦ 6 በ2 ከተካፈለ ቁጥር ሁሉ በ2 ይካፈላል። ስሕተቱ የሚታረመው ደንቡ ሀ ውስጥ ነጻ በሆነ (በ∀ ባልታሰረ) ተለዋዋጭ ላይ እንዳይሠራ በመገደብ ነው። ሞዳል ሎጂክም ውስጥ ወጥመዱ አለ፤ «ሀ ከተረጋገጠ □ሀ («የግድ ሀ») ይረጋገጣል» የሚለው ደንብ ትክክል ሆኖ ሳለ ሀ → □ሀ የሚለው ቀመር አይረጋገጥም። ደንብ ከላይ ስላሉት መስመሮች ነው የሚናገረው፤ ቀስት ስለ አንድ ረድፍ።

ሁለተኛው ድልድይ ሳውንድነስ ነው፦ መ ⊢ ለ ከሆነ መ ⊨ ለ። አክሲየሞቹ ሁሌም እውነት መሆናቸውንና ደንቡ እውነትን ማስተላለፉን ማየት ይበቃል፤ ከላይ በ0፣ ½፣ 1 የተሠራው የዚሁ ዓይነት ሥራ ነው።

ሦስተኛው ምሉዕነት ነው፦ መ ⊨ ለ ከሆነ መ ⊢ ለ። ከባዱ ይህ ነው። ለፕሮፖዚሽናል ሎጂክ ኤሚል ፖስት እ.ኤ.አ. በ1921 አሳተመው፤ ለአንደኛ ደረጃ ፕሬዲኬት ሎጂክ ኩርት ጎደል በ1929 በዶክትሬት ጽሑፉ አረጋገጠው። በሁለተኛ ደረጃ ሎጂክ («ሁሉም» ስለ ነገሮች ብቻ ሳይሆን ስለ ባሕርያቸውም በሚነገርበት)፣ በመደበኛ ትርጓሜው፣ ምሉዕነት የለም፤ ⊨ን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍንና መስመሮቹን በማሽን መፈተሽ የሚቻል ሥርዓት ሊሠራለት አይችልም። እዚያ «ይከተላል» እና «ይረጋገጣል» በእውነት የተለያዩ ናቸው።

አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው የጎደል ሁለት ቲዎረሞች ሲገናኙ ነው። በ1929 ምሉዕነትን ያረጋገጠው ሰው በ1931 የአሪትሜቲክን ኢ-ምሉዕነት አወጣ፤ ታዲያ አይጋጩም ወይ? አይጋጩም። የፔአኖ አሪትሜቲክ (የተፈጥሮ ቁጥሮች የአክሲየም ሥርዓት) እርስ በርሱ የማይጋጭ ከሆነ ሊያረጋግጠው የማይችለው ዓረፍተ ነገር አለ፤ ጎ እንበለው። ሰዎች «ጎ እውነት ነው፣ ግን አይረጋገጥም» ይሉና ከዚህ ተነስተው ⊨ አለ ⊢ ግን የለም ብለው ይደመድማሉ። ይህ ስሕተት ነው። በምሉዕነት ቲዎረም መሠረት ጎ ካልተረጋገጠ ከአክሲየሞቹ አይከተልምም፤ ማለትም አክሲየሞቹ ሁሉ እውነት፣ ጎ ግን ሐሰት የሆነበት ሞዴል (ቀመሮቹ የሚነበቡበት የነገሮች ዓለም) አለ። ያ ሞዴል 0፣ 1፣ 2 እያልን ከምንቆጥራቸው በተጨማሪ ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጡ እንግዳ ነገሮች ይዟል። «ጎ እውነት ነው» ሲባል በተለመዱት የተፈጥሮ ቁጥሮች፣ በአንድ ሞዴል ላይ ማለት ነው። መጻሕፍት ይህንንም በ⊨ ይጽፉታል፤ በግራ በኩል ስብስብ ሳይሆን ሞዴል ያስቀምጣሉ። ስለዚህ ⊨ን ባዩ ቁጥር መጀመሪያ ግራውን ይመልከቱ፦ ሞዴል ካለ «በዚህ እውነት ነው»፣ የቀመር ስብስብ ካለ «ስብስቡ እውነት በሆነበት ሁሉ እውነት ነው»።

ለሥራ የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። ⊨ «በሁሉም ረድፍ» ይላል፣ ⊢ «የሆነ ዝርዝር አለ» ይላል። ስለዚህ ⊢ን ለማሳየት አንድ ማረጋገጫ ይበቃል፤ ⊨ን ለማፍረስ አንድ ረድፍ ይበቃል። ⊬ን («አይረጋገጥም») ለማሳየት ሲፈልጉ በሳውንድነስ ዞረው አፍራሽ ረድፍ ይፈልጉ። ለምሳሌ ከሀ → ለ እና ከለ ሀ አይረጋገጥም፦ ሀ ሐሰት፣ ለ እውነት ያድርጉ፤ ሁለቱ መነሻዎች እውነት፣ መደምደሚያው ሐሰት። በተቃራኒው ⊨ን በሰንጠረዥ ማሳየት ተለዋዋጮች ሲበዙ ያደክማል፤ በ10 ተለዋዋጮች 1,024 ረድፍ፣ በ20 ደግሞ 1,048,576 ረድፍ ይሆናል፣ ስድስት መስመር ማረጋገጫ ግን ሊበቃ ይችላል። በአንደኛ ደረጃ ሎጂክ ሰንጠረዥ ጭራሽ የለም። ቸርችና ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1936 በየፊናቸው እንዳሳዩት፣ ማንኛውንም ቀመር ተቀብሎ «ሁሌም እውነት ነው» ወይም «አይደለም» ብሎ የሚመልስ አጠቃላይ ዘዴ የለም። እዚያ ⊢ ብቸኛው መያዣችን ነው ማለት ይቻላል።

---

ፊደል_ቆጣሪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ የ½ ሰንጠረዡን በወረቀት ሠርቼ አየሁት፣ ወጣልኝ። አንድ ነገር ቀረኝ። (ሀ ∧ (ሀ → ለ)) → ለ ቶቶሎጂ ነው። ታዲያ ሞደስ ፖነንስን ለብቻው ደንብ ከማድረግ ይህን ቀመር አክሲየም ብናደርገው አይበቃም?

---

መስመር_በመስመር

አይበቃም። መጀመሪያ ግን እርማቱን ተቀብያለሁ፤ «መተካት ይችላሉ» ያልኩት ለያዝነው ሥርዓት ብቻ ነው።

ደንቡን አውጥተው ቀመሩን ያስገቡና ይሞክሩት። ሀን ጻፉ፤ ሀ → ለን ጻፉ፤ አዲሱን አክሲየም ጻፉ። ለን ለመጻፍ ከአክሲየሙ ግራ ወደ ቀኙ መሻገር አለብዎት፣ የሚያሻግረው ደግሞ ያወጡት ደንብ ነው። «ሀ፣ ሀ → ለ እና ይህ አክሲየም ካሉ ለ አለ» የሚል ሌላ ረዘም ያለ ቀመር ቢጨምሩም ያው ነው፤ እሱም ግራና ቀኝ አለው። ሉዊስ ካሮል እ.ኤ.አ. በ1895 በኤሊና በአኪሊስ ንግግር ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ኤሊዋ አዲሱን መነሻ በተቀበለች ቁጥር አኪሊስ ሌላ መጻፍ ይኖርበታል፣ መደምደሚያው ላይ ግን አይደርሱም። ደንብ የሌለው ሥርዓት አክሲየሞቹንና መነሻዎቹን መልሶ ከመጻፍ ሌላ የሚሠራው የለም።

በተቃራኒው መሄድ ግን ይቻላል፤ አክሲየም ሳይኖር ደንቦች ብቻ። ጌርሃርድ ጌንትሰን በ1934 እና በ1935 ያወጣው ናቹራል ዲዳክሽን እንደዚያ ነው። ለቀስቱ ሁለት ደንብ አለው፦ አንዱ ሞደስ ፖነንስ፣ ሌላው «ሀን ገምተህ ለ ላይ ከደረስክ ግምቱን ዝጋና ሀ → ለ ብለህ ጻፍ» የሚል። የዲዳክሽን ቲዎረም ሊረጋገጥ የሚገባው ነገር መሆኑ ቀርቶ እዚያ ደንብ ሆኗል። ከላይ አምስት መስመር የፈጀው ሀ → ሀም በሁለት መስመር ያልቃል፦

1. ሀ፤ ግምት
2. ሀ → ሀ፤ የ1 ግምት ተዘግቶ